የአቶ ጃርት መስመር

ሰኞ 4 ቀን

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ወረቀቱ ሁሉ እርጥበት ጠጥቷል።

ልጄ ኢንተርኔት ላይ ከካርቱኔ ስምንተኛ ክፍል ሥር ተመልካቾች የጻፉትን ልታነብልኝ መጣች። አንዱ፣ «መስመሩን እንዲህ የሚያንቀጠቅጡበት ፕሮግራም ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ፕሮግራም! ዕድሜዬን ሙሉ የሱቅ ማስታወቂያ የሣልኩ ሰው ነኝ። መሰላል ላይ ቆሜ፣ ነፋስ ሱሪዬን እያውለበለበው፣ ከመንገድ ማዶ የሚነበብ ፊደል ያለ ማስመሪያ ያሰመርኩ ሰው ነኝ። ካርቱንንም ማንም አላስተማረኝም። ጡረታ ስወጣ ከአሮጌ የመስኮት መስታወትና ከአንድ አምፖል የመብራት ሳጥን ሠራሁ፤ በላዩ ወረቀት በወረቀት እየደረብኩ፣ የታችኛውን እያየሁ የላይኛውን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስኩ ራሴን አስተማርኩ። ለአንዲት ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ይፈጃል። ይህን በፕሮግራም ሠራው ሲሉኝ ደሜ አይፈላ?

የባሰው ደግሞ የልጄ መልስ ነው። ገጹን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከጥያቄው ሥር፣ «አባቴ ሆን ብሎ ነው፤ የአቶ ጃርትን ንዴት ለማሳየት ነው» ብላ ጽፋለች።

«ሆን ብዬ ነው ያለሽ ማን ነው?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበል አባዬ?»

«መስመሩ አይንቀጠቀጥም በያ!»

ስልኳን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም አለች። ዝምታዋ ከእናቷ የወረሰችው ነው። አልወደውም።

መስመሩ አይንቀጠቀጥም። ወረቀቱ ነው።

ረቡዕ 6 ቀን

ደረቅ ወረቀት ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩ። ያው ነው። እንግዲያው ጠረጴዛው ነው። አንዱ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፌ ሸጎጥኩበት። አሁንም ያው። ከግድግዳው በስተጀርባ ፍሪጁ ያጓራል፤ ሲያጓራ ጠረጴዛው ይሰማዋል። ገመዱን ነቀልኩት።

ባለቤቴ ወተቱ ሲበላሽ አወቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ፍሪጅ ልጆች ስንወልድ አብሮን ነበር፤ ዛሬ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው?»

«አርጅቶ ነዋ።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለችና መልሳ ሰካችው። ነገር እንዳላት ያስታውቃል። አልጠየቅኳትም።

አርብ 8 ቀን

ክፍሎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ አየኋቸው። የሚያየኝ ሰው አልነበረም። መቼም ለማያውቀው ሰው ታሪኩ ከባድ አይደለም፦ አቶ ጃርት የአንድ ፎቅ ቤት ዘበኛ ነው። ትልቅ የቁልፍ ቀለበት ይዞ በሩ ላይ ይቆማል፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያመናጭቃል፤ ሲናደድ እሾሁ ይቆማል። ጎረቤቶቼ ራስህን ነው የሣልከው ይላሉ። ይበሉ።

አንደኛው ክፍል ላይ እሾሁ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አራተኛው ላይ ጫፍ ጫፉ እንደ መርበትበት ይላል። ስምንተኛው ላይ ሰውነቱ በሙሉ ሊፈላ የደረሰ ውሃ ይመስላል።

ሥዕሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባልኝ ስካነር አርጅቷል ማለት ነው።

ዘጠነኛውና የመጨረሻው ክፍል በልቤ አልቋል። ተከራዮቹ አንድ በአንድ ተማርረው ይለቃሉ፤ አቶ ጃርት ባዶውን ፎቅ ቆልፎ ብቻውን ይነግሣል። መጨረሻው ይሄ ነው። ልጄ «ያሳዝናል» አለች። አያሳዝንም። አሸንፏል።

እሑድ 10 ቀን

ልጄ እየሮጠች መጣች። አንድ ትልቅ የካርቱን ቻናል ዘጠኙንም ክፍሎች ሊያሳይልን ይፈልጋል። የቻናሉ ኃላፊ ራሷ ደውላ፣ «ሰው ሁሉ ስለ አቶ ጃርት ነው የሚያወራው» ብላታለች። ወሩ ሳያልቅ እንፈራረማለን፤ ዘጠነኛው ክፍል ሲደርስ ሁሉም ይወጣል።

ደስ አለኝ። እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ለእነሱ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ማስተዋወቅ የሚሉት ነገር መጣ። ለተከታዮች ሰላም በል፤ ፈገግ ብለህ ተቀረጽ፤ ዛሬ ምን እየሠራህ እንደሆነ ንገራቸው። የሰውን ሱቅ ሳስተዋውቅ የኖርኩ ሰው የራሴን ማስተዋወቅ አቅቶኝ አይደለም። ግን ማስታወቂያ ስሠራ ሰው የሚያየው ማስታወቂያውን እንጂ መሰላሉ ላይ ያለውን ሰው አልነበረም። እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

«እጅህን ብቻ እንኳ፣ ስትሥል» አለችኝ።

«እጄ ምን ይሁን ብለሽ ነው? ሥራው አይበቃቸውም?»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት፣ «ተይው ልጄ» ስትል ሰማሁ። ለእኔ አዝና ነው እንዳልል ድምፅዋ የተቆጣ ነው።

ረቡዕ 13 ቀን

ራሱን «ጉጉት» ብሎ የሚጠራ አንድ ሥራ ፈት ተነሥቷል። አቶ ጃርት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው፣ የሚሥል ሽማግሌ የሚባል የለም ብሎ ጽፏል። ማስረጃውንም አቅርቧል፦ ሰባተኛው ክፍል ላይ አቶ ጃርት ደረጃ ሲወርድ ቁልፉ በቀኝ እጁ ነው፤ ዓይን እስክታርገበግብ ግራው ላይ ይገኛል፤ ወዲያው ቀኙ ላይ ይመለሳል። «ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ ማሽን ነው የሚሳሳተው» ይላል።

ሰው ነው እንዲህ የሚሳሳተው፣ ደንቆሮ! ወረቀቶቹ ጫፋቸው ላይ ተበስተው ሁለት ችንካሮች ላይ ይሰካሉ፤ እንዳይንሸራተቱ። ጥቂቶቹን ገልብጬ ሰክቻቸዋለሁ። መብራቱ ከሥር ስለሚመጣ ጀርባውም ፊቱን ይመስላል። ዋሽቼ አይደለም፣ ቸኩዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ይሰምርልኛል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም።

አምፖሉ ያው አምፖል ነው ትላለች ባለቤቴ። እሷን ማን ጠየቃት?

ሐሙስ 14 ቀን

የሰባተኛውን ክፍል ወረቀቶች ክምር ልጄ ቀረጸችው። እያገላበጠች፣ የእርሳሱን አሻራ፣ የላጲሱን ፍርፋሪ ሳይቀር አሳየች። የተገለበጡትንም። ይህን አይቶ የማያምን ሰው ይኖራል?

ኖረ። «ወረቀት ይታተማል» አለ ጉጉት። «እጁ የት አለ?»

ሌሎቹም እንደ መንጋ ተከተሉት። እጁ የት አለ፣ እጁ የት አለ።

ቅዳሜ 16 ቀን

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ከልጄ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። በሩ ክፍት ነበር እንጂ እኔ ጆሮ የምጥል ሰው አይደለሁም።

«...ግማሽ ግማሹን ነው የምቀዳለት። አይ፣ አላስተዋለም። ሲያነሣው እንዳይፈስበት ብዬ ነዋ... አዎ፣ ሸሚዙንም ትቶታል። ቁልፉ ነዋ የሚያስቸግረው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው?... አይሆንም፣ አንቺም እንዳትነግሪው። በገዛ አፉ ይበለው።»

ሹራብ የምለብሰው ስለሚሞቅ ነው።

የሻይ ብርጭቆዬን ግን አየሁት። ግማሽ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ላስታውስ ብል አቃተኝ። ሴትዮዋ ቆጣቢ ሆናለች አልኩ ለራሴ። ጠጥቼ ሳላበቃ ተነሣሁ።

ሰኞ 18 ቀን

የቻናሉ ኃላፊ ለእኔው ደወለች። ትሑት ሴት ናት፤ ለዚያም ነው ይበልጥ የተናደድኩት፤ ትሑት ሰው ላይ መጮህ አይቻልም።

«ጋሼ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ተመልካቹ ግን እየጮኸ ነው። ሲሥሉ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ብቻ ይላኩልኝ፤ ፊትዎ ባይታይም ግድ የለም። ያለዚያ ወሩ ሲያልቅ አለቆቼን ማሳመን አልችልም።»

«ያለዚያ አቶ ጃርት አይታይም ማለት ነው?»

«እንዲያ አይበሉት፣ ጋሼ።»

«በአጭሩ ግን እንዲያ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ስድብ አፌ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ 19 ቀን

አልሠራሁም። ዝናብ። እርሳስ ቀርጬ ቀርጬ ጨረስኩ።

ረቡዕ 20 ቀን

የልጄ የሥራ ባልደረባ መጣ። መነጽሩ ነው የምለው፤ ከፊቱ የሚበልጥ መነጽር አለው። ኮምፒውተሬን ሲበላሽ የሚያየው እሱ ነው፤ ካርቱንም ይሠራል፣ እንደነገሩ። መብራት ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩትና አቶ ጃርትን ሣል አልኩት። ሣለው። ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ አንድ ቦታ እንኳ የማያመነታ መስመር። እጁን አየሁት። ረዥም ሰዓት አየሁት።

ከዚያ አልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ሐሳቡ የልጄም አይደለም፣ የእኔ ነው።

«የእሱን እጅ ቅረጹት።»

ልጄ የሰማችውን አላመነችም። «አባዬ፣ ይህን የምትለው አንተ ነህ?»

«ላብ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ድሮ የማጠልቀው የጥጥ ጓንት አለ። ጓንት ካጠለቀ የሽማግሌ ይሁን የወጣት ማን ያውቃል? ሹራቤን ይልበስ።»

«ልጅ እያለሁ ደብተሬ ላይ ሌላ ሰው የሣለውን ሥዕል ለጥፌ የእኔ ነው ስላልኩ ገርፈኸኝ...»

«ገርፌሽ አላውቅም!»

«ተቆጥተኸኛል። ከግርፋት የባሰ ነበር።»

መነጽሩ መሬት መሬት ያያል። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልልም፤ ግን...»

«ምንም አትልም ካልክ አትበል።»

ባለቤቴ ሹራቤን አምጥታ አለበሰችው። እጅጌውን ስትሰበስብለት፣ «ይበቃሃል? እሱ ክንደ ረዥም ነው» አለችው። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

ቅዳሜ 23 ቀን

ቪዲዮው ወጣ። ሰው ሁሉ ምስጋናውን ያዥጎደጉደዋል። «የአባት እጅ ይባረክ»፣ «እንዲህ ነው ሙያ»፣ «ተጠራጣሪዎች አፋችሁን ዝጉ»። ልጄ ልታነብልኝ ጀመረችና የራሷ ድምፅ ሰለቻት። ትታው ሄደች።

ለሰው ማስታወቂያ ስሠራ አንድ ባለሱቅ የሌለውን ዕቃ አለኝ ብለህ ጻፍልኝ ሲለኝ ብሩሼን ጠቅልዬ ከመሰላሉ ወርጄ የሄድኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ባለቤቴ፣ «ግትር!» ብላ ስቃ ነበር። አሁን አትስቅም።

እሑድ 24 ቀን

ጉጉት ያዘኝ።

ቃል በቃል ልገልብጠው፦ «እጁ የአቶ ጃርት ሠሪ እጅ አይደለም። ከአራተኛው ክፍል ጀምሮ የአቶ ጃርት መስመር ይንቀጠቀጣል፤ በየክፍሉም እየባሰበት ይሄዳል። ይህ ጓንት ያጠለቀው ሰው ግን ብረት ነው የሚያሰምረው። መልሼ መላልሼ አየሁ። ማሽን አይደለም ማለት ነው፤ ማሽን እየባሰበት አይሄድም። ተሳስቼ ነበር። አባት፣ እጅዎን ያምዎታል እንዴ? ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በአደባባይ! ሰው ሁሉ እያነበበ! የቤቴ ሁለት ሴቶች ያልደፈሩትን፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው አንድ ጉጉት ደፈረው። ይቅርታውን ይብላው!

ዓይን ግን አለው። ከአራተኛው ክፍል ጀምሮ፣ አለ። ልክ ነው። ከአራተኛው ነው።

እርሳሱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ግድግዳውን አልመታም።

ሰኞ 25 ቀን

ኃላፊዋ ደወለች። አላነሣሁም። ደግማ ደወለች።

ልጄ ቪዲዮውን አጠፋችው። ምን ብላ እንዳጠፋችው አልጠየቅኩም። መነጽሩ ሹራቤን አጥቦ፣ አጥፎ ላከልኝ። በዚህ ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ የምናደድበት አጣሁ።

ሐሙስ 28 ቀን

ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሄድኩ ሳይሆን ወሰዱኝ ብዬ እጽፋለሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ከልጄ ያንሳል። አራመደኝ፣ ጣቶቼን አስቆጠረኝ፣ ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «እስቲ አባት፣ ከመሐል ተነሥቶ እየዞረ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ይሣሉልኝ።»

እኔን! ክብ ሣል ይለኛል! የዳቦ ቤቱን፣ የጎማ ሱቁን፣ የፎቶ ቤቱን ክብ ማን የሣለው መስሎት ነው? ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ሣልኩ። ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ መሰላል ላይ እንደምቆመው ጥርሴን ነክሼ። ጨርሼ አየሁት።

የስምንተኛው ክፍል መስመር ነው። ያው ራሱ።

ሐኪሙም አየው። ስም ሰጠው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሱ ጉዳይ ነው። መድኃኒት አለው አለ፤ እጄን ያግዘዋል እንጂ ወደ ነበረበት አይመልሰውም አለ። ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ሊያስገባው ሲል ነጠቅኩት።

«አባት፣ እሱ ለሕክምና...»

«እኔ የሣልኩት የእኔ ነው። ስምህን ጽፈህበታል?»

ባለቤቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ። እስከ መኪናው ድረስ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «ግትር» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት።

አርብ 29 ቀን

ዘጠነኛውን ክፍል ቀደድኩት። የቀደድኩት ሥዕሉን ሳይሆን ሐሳቡን ነው። ባዶ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚነግሥ ጃርት የጎረምሳ ሐሳብ ነው፤ ምን ያህል ብቻውን እንደሆነ አያውቅም ጎረምሳ።

አዲሱ እንዲህ ነው፦ አቶ ጃርት በሩን ከውጭ ይቆልፋል፤ ቁልፉ ከእጁ ያመልጣል፤ ከፍርግርጉ ሥር ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ሲያመናጭቃቸው የኖሩት ተከራዮች ሁሉ ከውስጥ ናቸው። እሱ ከውጭ ነው። የቀረው ደወሉን መደወል ብቻ ነው።

ሊደውል ሲል እሾሁ ሁሉ ይቆማል። አልደውልም ይላል። ይቆማል። ይዘንባል።

ይህን የሚሥል እኔ ነኝ። መነጽሩን አስጠርቼ ነገርኩት።

«በሩን፣ ግድግዳውን፣ ዝናቡን አንተ ትሥላለህ። ቀለሙም ያንተ ነው። ስምህም ይጻፋል።»

«አቶ ጃርትስ፣ ጋሼ?»

«ጃርቱን ማንም አይነካብኝም። መስመሩ እንዳለ ይቀራል። በኮምፒውተር አስተካክለው ብትባል እጅህን እቆርጠዋለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ። ደስ ያለው ይመስላል። ሲቆጡት ደስ የሚለው ትውልድ።

ቅዳሜ 30 ቀን፣ ጠዋት

ልጄን ካሜራውን አምጪ አልኳት። ጠዋት ይሁን ከሰዓት ብላ ጠየቀችኝ፤ ታውቃለች ለካ።

«ከሰዓት በኋላ» አልኳት። «ሲብስ።»

ቅዳሜ፣ ማታ

ጓንት አላጠለቅኩም። ሹራቤን እጅጌውን ሰብስቤ እስከ ክርኔ አወጣሁት። ልጄ ካሜራውን ከላይ አቆመችው፤ እኔና መብራት ሳጥኑ፣ ሁለቱ ችንካሮችና ወረቀቱ ብቻ። ሙዚቃ እናድርግበት አለች። አይሆንም አልኩ፤ እርሳሱ ሲጮህ ይሰማ።

ቁልፉ ከአቶ ጃርት እጅ ሲያመልጥ ሣልኩ። አንዱን ሥዕል፣ በላዩ ሌላውን፣ በላዩ ሌላውን። ቁልፉ ከጣቱ ሲለቀቅ፣ አየር ላይ ሲሆን፣ መሬት ሲነካ። እጄ የሚያደርገውን አደረገ። አላባበልኩትም፣ አልቸኮልኩም። አንድ ቦታ ላይ እርሳሱ ወደ ጎን ሸሸ፤ ልጄ ካሜራውን ልታቆም እጇን ሰደደች። በዓይኔ መለስኳት።

ስጨርስ ወደ ካሜራው ሳላይ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ያለፈው ቪዲዮ ላይ ያለው እጅ የእኔ አልነበረም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹን አትውቀሱ። ይሄኛው የእኔ ነው። ጉጉት፣ አይተሃል? ሌላ የምታየው የለም፤ ወደ ሥራህ ሂድ።»

ልጄ መጨረሻውን እንቁረጠው ወይ አለች። አትንኪው አልኳት።

ወጣ። ኃላፊዋ ለልጄ ደውላ አቶ ጃርትን እንደሚያሳዩት ነገረቻት። አሁንም ማሽን ነው የሚሉ አሉ፤ እነሱን ምንም አያሳምናቸውም፣ ይጩኹ። አንዳንዱ እንዳለቀሰ ጽፏል። ማልቀሳቸው አናደደኝ። ቁልፍ የወደቀበት ጃርት ነው ያሳየኋችሁ፣ ሬሣ አይደለም።

ጉጉት አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «እጠብቃለሁ።»

ይጠብቅ።

ሰኞ 2 ቀን

ዝናቡ ሳሳ። አቶ ጃርት ደወሉን ደወለ። በሩን ማን እንደሚከፍትለት ገና አልወሰንኩም፤ እጁ ግን ከደወሉ ላይ አልተነሣም።

ቁርስ ላይ ልጄ ነበረች፣ መነጽሩም ነበር። ባለቤቴ ሻይ ስትቀዳ የእኔን ብርጭቆ ግማሹ ላይ አቆመችው፤ እንደ ልማዷ።

«ሙሉ ቅጂው» አልኳት።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ልጄ ዳቦዋን ማኘክ ተወች።

«ይፈስሳል» አለች ባለቤቴ።

«ይፍሰስ።»

እስከ አፉ ድረስ ሞላችው። አነሣሁት። ሁሉም እያዩ ወደ አፌ ወሰድኩት።

ፈሰሰ። ጠረጴዛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፍሪጁም ዝም ብሏል።